ናሽናልስ ዋንጫውን የበሉት በእድል ነው? — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን የአምዱ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው። ቤዝቦል ያስለመደኝ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖረው አጎቴ ነው፣ በስልክ እያስረዳኝ እያስረዳኝ ሳላውቀው የዚያው ከተማ ቡድን የናሽናልስ ደጋፊ ሆኜ ቀረሁ። በፈረንጆቹ 2019 ወርልድ ሲሪሱን፣ ማለትም የአሜሪካ ቤዝቦል ዋንጫውን፣ ሲበሉ ለኛ ሌሊት ስለነበር ኔትወርኩ እየተቆራረጠብኝ በስልኬ ነበር የማየው፣ ሲያሸንፉ እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም ብቻ እናቴ መርዶ የመጣ መስሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የወጣችው። እስካሁን ደስታው አለቀቀኝም። ግን ቡና የምንጠጣበት ቤት አሜሪካ ኖሮ የመጣ ሰውዬ አለ፣ ይሄን ባነሳሁ ቁጥር «93 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን 107 ያሸነፈውን ሂውስተንን በለጠው አይባልም፣ ሰባት ጨዋታ ሎተሪ ነው» ይለኛል፣ እኔም መልስ አጣለታለሁ። የኛው የጅማ እግር ኳስ ቡድን አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሲሆንም እኮ እድል ነው ያሉን ነበሩ። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፣ እድል ነው? ጓደኞቼንም ላስለምዳቸው ነውና የቱን ጨዋታ ላስቀድምላቸው?

መልስ፦ ወንድማችን እንኳን ደስ ያለህ፣ እንዲህ ያለ ድል ዓመት ቢያልፈውም አይበርድም። በኛ በኩል ፍርዱ ላንተ ነው፣ ምክንያታችንን ግን ረጋ ብለህ ስማ፣ ምክንያቱም ሰውዬው ያነሳው ቁጥር ትክክል ነው፣ ችግሩ ቁጥሩን ሳይከፍተው መተዉ ነው።

ቤዝቦል ለማያውቁ አንባቢዎቻችን፦ አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ይጫወታል፣ የተሻሉት ወደ ፕሌይኦፍ ይገባሉ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ቡድን ይቀርና ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ወርልድ ሲሪሱን ይወስዳል። ናሽናልስ በዚያ ዓመት የገቡት በዋይልድ ካርድ ነው፣ ማለትም ምድባቸውን ሳያሸንፉ በተጨማሪው በር።

አሁን 93ቱን እንክፈተው። ሜይ 23 ቀን ላይ ናሽናልስ 19 አሸንፈው 31 ተሸንፈው ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚባልበት፣ ደጋፊው ተስፋ የቆረጠበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 74ቱን አሸነፉ። ካልኩሌተር አውጣና አስላው፣ 66 ፐርሰንት ነው። ሂውስተን ደግሞ ከ162ቱ 107 አሸነፈ፣ እሱም 66 ፐርሰንት ነው! እና ሰውዬህ ደካማ የሚለው ቡድን ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ልክ እንደ ሂውስተን ሲያሸንፍ የከረመ ቡድን ነው፣ መጀመሪያ ላይ የወደቀበት ጉድጓድ ነው ቁጥሩን ያበላሸበት። ይሄን ብቻ ብትነግረው ይበቃህ ነበር።

ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፣ እኛም በጣም የምንወደው እሱን ነው። ቤዝቦል ውስጥ ፒቸሩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ክንዱ ስለሚደክም ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር አንዴ ከወረወረ አራት አምስት ቀን ያርፋል። ስለዚህ በ162 ጨዋታ ውስጥ ሁለት ሦስት ኮከብ ወርዋሪ ቢኖርህም በሌሎቹ ቀናት ሌላ ሰው ነው የሚወረውርልህ፣ እነሱ ሲወጡ ደግሞ ቡልፔኑ ማለትም ተቀያሪዎቹ ወርዋሪዎች ይገባሉ፣ የናሽናልስ ቡልፔን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የቡድኑ ቁስል ነበር፣ ቡድኑ የመራውን ጨዋታ ሁሉ ሲያፈስ ነው የከረመው። በፕሌይኦፍ ግን ጨዋታው ጥቂት ነው፣ የእረፍት ቀንም ይገባበታል፣ ማርቲኔዝም ቡልፔኑን ትቶ ማክስ ሸርዘርን፣ ስቲቨን ስትራስበርግንና ፓትሪክ ኮርቢንን እያፈራረቀ ወረወረባቸው፣ ጨዋታ የሚጀምሩትን እነዚህን ሰዎች በተቀያሪነት ሳይቀር አስገባቸው። በዋይልድ ካርዱ ጨዋታ ስትራስበርግ ተቀይሮ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ (ኢኒንግ ሁለቱም ቡድን ተራ በተራ የሚመታበት አንድ ዙር ነው) ነጥብ ሳይቆጠርበት ወረወረ፣ በሰባተኛው ወርልድ ሲሪስ ጨዋታም ኮርቢን ልክ እንደዛው ሦስት ኢኒንግ ዘጋ። ድክመቱን ደብቆ ጉልበቱን አውጥቶ የተጫወተ ቡድን ነው፣ ይሄ ሎተሪ አይባልም፣ ይሄ ማሰብ ነው።

የሸርዘር ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። የወርልድ ሲሪሱን አምስተኛ ጨዋታ ሊጀምር ነበር፣ አንገቱ ተይዞበት ከአልጋ መነሳት አቃተው፣ ቡድኑም ያንን ጨዋታ ተሸንፎ በሲሪሱ 3 ለ 2 ተመራ። ከቀናት በኋላ መርፌ ተወግቶ ሰባተኛውን ጀመረና አምስት ኢኒንግ ታገለላቸው። በየኢኒንጉ ሰው ቤዝ ላይ (መቺዎቹ ነጥብ ለማግኘት ከሚዞሯቸው ማረፊያዎች ላይ) እየቆመበት፣ ላቡ እየወረደ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የተቆጠረበት።

እድልስ የለም ወይ? አለ እንጂ። ዋይልድ ካርዱ ላይ ሚልዋኪ 3 ለ 1 እየመራ በስምንተኛው ኢኒንግ የናሽናልሱ ሁዋን ሶቶ የመታት ኳስ በተከላካዩ ጓንት ስር አልፋ ሦስት ሰው ገባ፣ ማለትም ሦስት ነጥብ፣ ያቺ ኳስ ተይዛ ቢሆን ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ግን ከዚያ በኋላ 106 ጨዋታ ያሸነፈውን ዶጀርስን፣ ቀጥሎ ሴንት ሉዊስን በአራት ተከታታይ ጨዋታ፣ ከዚያ ሂውስተንን ነው የጣሉት፣ ሂውስተን ላይ ያሸነፉትን አራቱንም ጨዋታ ደግሞ በሰው ሜዳ ነው ያሸነፉት። በዚያ ሲሪስ በሜዳው ያሸነፈ ቡድን የለም፣ ሰባቱንም እንግዳው ነው የበላው፣ በወርልድ ሲሪስ ታሪክ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ እድል እንበል፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ?

አባ ጅፋርን በተመለከተ አንተም ታውቀዋለህ፣ በኛ አቆጣጠር በ2010 ገና ከታች ባደጉበት ዓመት ፕሪምየር ሊጉን ሲበሉ ያ ሲሪስ አልነበረም፣ 30 ጨዋታ ያለው ሙሉ ሊግ ነው፣ ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆነው በጎል ክፍያ ነው የለዩት። 30 ጨዋታ ሙሉ የሚከተል እድል የለም፣ የሚልህ ካለ ይሄን ንገረው።

ለጓደኞችህ የዶጀርሱን አምስተኛ ጨዋታ አስቀድምላቸው፣ ሰባተኛውን አይደለም። ሎስ አንጀለስ ላይ 3 ለ 1 እየተመሩ በስምንተኛው ኢኒንግ አንቶኒ ሬንዶንና ሶቶ ተከታትለው በዶጀርሱ ወርዋሪ በክሌይተን ከርሾው ላይ ሆምረን (ከሜዳ ውጪ የተሻገረ ምት) መቱ፣ አስረኛው ላይ ደግሞ ሃዊ ኬንድሪክ ሦስቱም ቤዝ ሰው ሞልቶ እያለ ከሜዳ ውጪ አሻግሮ አራት ነጥብ ባንዴ አመጣ፣ ህጉን የማያውቅ ሰው እንኳ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሰባተኛውን ህጉ ሲገባቸው አሳያቸው፣ በተለይ ሰባተኛውን ኢኒንግ፦ የሂውስተኑ ወርዋሪ ዛክ ግሬንኪ አላስነካም ብሎ ሲወረውር ቆይቶ ሬንዶን ሆምረን ሲመታበት፣ ሶቶ ሳይመታ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሄድ፣ የሂውስተን አሰልጣኝ ግሬንኪን አውጥቶ ዊል ሃሪስን ሲያስገባ፣ ኬንድሪክም ከታች ወደ ውጪ የሄደችውን ኳስ ደርሶባት ወደ ቀኝ ሲልካት። ኳሷ የሜዳው ጠርዝ ላይ ያለውን ቢጫ ምሰሶ ነው የመታችው፣ ትንሽ ወደ ውጪ ብትል ኖሮ ውድቅ ነበረች፣ ምሰሶውን ከነካች ግን ሆምረን ነው፣ ይሄን ቀድመህ ካልነገርካቸው ሰዉ ለምን እንደሚዘል አይገባቸውም። በቀጥታ ማየት ከፈለጋችሁ ወርልድ ሲሪስ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት ላይ ነው፣ እዛ ማታ ሁለት ሰዓት ሲጀምር ለኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነውና ስልካችሁን ቀደም ብላችሁ ቻርጅ አድርጉ።