የድሮ ንድፍ ማጥናት እንጀራ ይሆናል?

ውድ እህቴ፣

ሮም ውስጥ የሥዕል ፍሬም የሚያድስ ወርክሾፕ ውስጥ ወርቅ ቅብ ትሠሪያለሽ። የባሮክ ዘመን፣ ማለትም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግድም፣ የፍሬምና የቅርጻ ቅርጽ ንድፎች ልብሽን ወስደውታል። አሁን ሥራሽን ለቀሽ የሥነ ጥበብ ታሪክ ልትማሪ አስበሽ «እንጀራ ይወጣዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

እውነቱን ልንገርሽ። ንድፍ በማጥናት ብቻ የሚገኝ ሥራ በጣት የሚቆጠር ነው። አንቺ ግን ብዙ ተመራማሪዎች የሌላቸው፣ ሥራ የለመደ እጅ አለሽ። ወርክሾፑን አትልቀቂ።

እስኪ አንድ ንድፍ አስተውዪ። በጥቁር ጠመኔ ይጀመራል፣ በብዕርና በቡናማ ቀለም መስመሩ ጠርቶ ይወጣል፣ ጥላው በቀጠነ ቀለም በብሩሽ ይገባል። ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፤ በአንዱ በኩል ቅጠል ይጠመጠማል፣ በሌላው ክንፋም ሕፃን ተንጠልጥሏል። ስህተት እንዳይመስልሽ። ነዳፊው በአንድ ወረቀት ሁለት አማራጭ ለደንበኛው ማቅረቡ ነው፤ የተመረጠው ወገን በሁለቱም በኩል ይሠራል። አንዳንዱ ላይ ከግርጌ የመለኪያ መስመር አለ፣ በድሮው የሮማ ርዝመት መለኪያ በፓልሞ፤ አንዱ ፓልሞ 22 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ቅጠሉ ከእንጨቱ ምን ያህል እንደሚወጣ፣ የቱ ለብቻው ተፈልፍሎ እንደሚጣበቅ፣ ወርቁ የት ላይ ተወልውሎ እንደሚያበራ ከዚያ ጥላ ማንበብ የሚችለው እንዳንቺ የሠራበት ሰው ነው።

ዮሐን ፓውል ሾርን አጥኚልኝ። ከኢንስብሩክ መጥቶ ሮም የከተመ፣ እዚያው በ1674 እ.ኤ.አ. ያረፈ ነዳፊ ነው። ታዋቂው ቀራፂ በርኒኒ በቫቲካን የቅዱስ ጴጥሮስን መንበር ሲሠራ አብሮት ነበር። ሠረገላ ሳይቀር ነድፏል፤ በ1663 ለመኳንንቷ ማሪያ ማንቺኒ የነደፈው የአራስ አልጋ እስካሁን ይወሳል። እሱ ይነድፋል፣ ሌሎች ይፈለፍላሉ። እኔ በበኩሌ ከታላላቆቹ እኩል የማከብረው ሰው ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ከሥነ ጥበብ ታሪክ ይልቅ ጥገናን እመክርሻለሁ። እዚያው ሮም ያለው ማዕከላዊ የጥገና ተቋም የ5 ዓመት ትምህርት ይሰጣል፤ ቅበላው ውስን ነው፣ የመግቢያ ፈተናውም ሥዕል ያስስላል። ከትሬቪ ፏፏቴ ጀርባ፣ ፓላዞ ፖሊ ውስጥ ያለው የግራፊክ ተቋም ደግሞ ንድፎችና ኅትመቶች አሉት። ለጥናት ቀጠሮ ጠይቂ።

እስከዚያው አንድ ንድፍ ምረጪና የፍሬሙን አንድ ማዕዘን ብቻ ፈልፍለሽ፣ ጀሶ ቀብተሽ፣ ወርቅ አልብሺው። እያንዳንዱን ደረጃ ከንድፉ ጎን አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ፖርትፎሊዮሽ በዚህ ይጀምር።

የ12ኛ ክፍል ማስረጃሽን ከአዲስ አበባ አስልኮ ማረጋገጥ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ እሱን በዚህ ሳምንት ጀምሪው።