ከአሮጌ ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ) የስፖርት መኪና ስለ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ሎተስ ሰቨን የተባለችውን የስፖርት መኪና አምሳያ በአቅማችሁ ልክ ሠርታችሁ ቀስ በቀስ ለማሻሻል የምታስቡ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ብዙ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጋሼ፣ ከስፖርት መኪኖች ሁሉ ይህችን ለምን መረጡ?

መልስ፦ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሰቨን፣ ከቀጭን ብረት በተበየደ ሻንሲ (የመኪና አጽም) ላይ አሉሚኒየም የለበሰች፣ ክብደቷም ግማሽ ቶን ገደማ የሆነች መኪና ናት። ፈጣን ያደረጋት ቅለቷ ስለሆነ፣ ውድ ሞተር መግዛት ለማይችል ሰው ከእርሷ የተሻለ አርአያ አላውቅም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር፣ ተማሪ)፦ ሞተርና ካምቢዮ ከየት ላግኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የኋላ ጎማዋ የሚነዳ አሮጌ መኪና ያስፈልግሃል፤ ዲኤክስም ላዳም እንዲህ ናቸው። እኔ 1.3 ሊትር ሞተር ያላትን ዲኤክስ እመርጣለሁ። ዕቃውን አንድ በአንድ ከመልቀም ይልቅ ሙሉ መኪና ገዝተህ ከዲፈረንሻሉ እስከ መብራት ገመዱ ብትወስድ ይረክስልሃል። ነገር ግን የዲኤክስ የፊት ሞላና አሞርዛተር ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ከሰቨን ዝቅተኛ አፍንጫ ጋር አይስማማም፤ የፊት ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች አዲስ ማሠራት ይኖርብሃል፤ ይህን ሥራ ለጀማሪ በያጅ ፈጽሞ አትስጥ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ሻንሲውን ስንበይድ እየተጣመመ ተቸገርን።

መልስ፦ 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቱቦላሬ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስራችሁ፣ መጀመሪያ ሁሉንም መገጣጠሚያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ያዙት። ከዚያ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፤ ልኬቶቹ እኩል ካልሆኑ ነጥቡን ፈልጣችሁ አስተካክሉ። ሙሉውን ብየዳ ስትጀምሩ ደግሞ አንድ ጎን ላይ አትቆዩ፤ አንዱን በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ እያደረጋችሁ ብረቱ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጡት፤ የሚያጣምመው በአንድ ወገን የተከማቸው ሙቀት ነውና።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ የቦሎው ጉዳይስ?

መልስ፦ መጋዝ ከማንሳትህ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ካልተመሳሰለ ድካምህ ሁሉ ከግቢ አይወጣም።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ገንዘቤ ጥቂት ነው፤ ማሻሻሉን ከምን ልጀምር? ልቤ ከጠንካራ ሞተር ላይ ነው።

መልስ፦ ከፍሬን ጀምር፤ ከዚያ መሪ፣ ቀጥሎ ጎማና አሞርዛተር፣ ሞተር ግን መጨረሻ ይሁን። አንተ ካለህበት ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ የፍሬን ሸራና ቱቦ አዲስ ሳይሆኑ ማንም እንዲሞክረው አልፈቅድም። ደግሞም መኪናዋን በየደረጃው የምትነዳ አድርገህ ያዛት፤ ቀለም በሌለው አካልና በአሮጌ ወንበር ብትሄድ አያሳፍርም፤ ብዙ ሰው ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ፈትቶ ገንዘቡ ሲያልቅበት ብረቱ ዝናብ ሲመታው ይቀራል። ለሞተሩ ለጊዜው ማስተካከያ ይበቃዋል፦ በከፍታችን አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቆየ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፈትተህ እየው፤ ጥላሸት ከለበሰ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ናስ በጠባቧ ቀይር፤ ቀላ ያለ ቡናማ እስኪሆን ድረስም ደጋግመህ አረጋግጥ።