ዜማው በየትኛው ኪይ ይሁን? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዜማ የሚሠራ ሰው ስለሚወደው ኪይ፣ ማለትም ዜማው ስለሚያርፍበት መነሻ ድምፅና ስለ ድምፆቹ ረድፍ (ስኬል)። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ኤፍ ሻርፕ እና ጂ ፍላት ምን ይለያቸዋል?

ፒያኖ ላይ ምንም። ያው አንድ ጥቁር ቁልፍ ነው። በወረቀት ላይ ኤፍ ሻርፕ ሜጀር ስድስት ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረጊያ ምልክት)፣ ጂ ፍላት ሜጀር ስድስት ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረጊያ) ይይዛል። ለሚያነበው ሰው የሚቀለውን ይጻፉ።

አንድ ወጣት ዜማ ደራሲ ሥራዎቹ ሁሉ እየተመሳሰሉበት ተቸግሯል። ሁሌም የሚጀምረው በሲ ሜጀር ወይም በኤ ማይነር ነው። «ነጮቹ ላይ ብቻ ስለምሠራ ይሆን? ጓደኞቼ ሰነፍ ይሉኛል» ይላል።

ሰነፍ አይደለህም። አንድ ኪይ መውደድ ነውር የለበትም። አርቪንግ በርሊንን እንይ። ከአንድ ሺህ በላይ ዘፈኖች የደረሰ ሰው ነው። ፒያኖ ሲጫወት ግን ባብዛኛው ከኤፍ ሻርፕ አይወጣም ነበር፤ ጥቁሮቹ ላይ ማለት ነው። ሌላ ኪይ ሲፈልግ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ፒያኖ ላይ ያለውን ማንሻ ይገፋዋል። ጣቶቹ እዚያው ናቸው፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ይቀየራል። ስለዚህ ጥፋቱ የኪዩ አይደለም።

ጥፋቱ እጅህ ጋ ነው። እስቲ እጅህን አስተውለው። ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር። አራቱንም ስትይዝ የእጅህ ቅርጽ አንድ ነው። ቅርጹን ሳትፈታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሸራተታለህ። የሚቀጥለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) የመረጠው ጆሮህ ሳይሆን እጅህ ነው ማለት ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ስንት ጥሩ ዜማ በዚህ ምክንያት መንገድ ላይ ይቀራል!

እኔም ላይ ደርሷል። አንድ አዝማች ለሳምንታት አልሄድ አለኝ። በሲ ሜጀር ነበር የጀመርኩት። አንድ ቀን ተስፋ ልቆርጥ ስል ወደ ኤ ፍላት ሜጀር ወሰድኩት። ግራ እጄ ቤዙን ሲፈልግ ኤ ፍላት ላይ ማረፍ ነበረበት። በልማዱ ሄዶ ሲ ላይ ወደቀ። ሲ ደግሞ የኤ ፍላት ኮርድ ሦስተኛ ድምፅ ናት፤ አልተጣላችም። ኮርዱ ያው ነው፤ ግን መሬት ላይ ተጎልቶ የነበረው ነገር ብድግ አለ። ቀጣዩን ኮርድ መፈለግ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ዜማው ራሱ ጠራው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ዜማውን መጀመሪያ ከፒያኖው ርቀህ አንጎራጉረው። ግማሽ ላይ ሲደርስ እጅህ በማያውቀው ኪይ ሞክረው፤ ዲ ፍላት ይሁን ቢ። ጥቁሮቹ አያስፈሩህ። የፒያኖ ደራሲው ሾፓን ተማሪዎቹን ስኬል የሚያስጀምረው ከቢ ሜጀር ነበር። ሲ ሜጀርን ወደ መጨረሻ ይገፋው ነበር፤ ለማንበብ ቀላሉ፣ ለእጅ ግን ከባዱ እሱ ነው ብሎ። ቀኝ እጅህን ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ፣ ቢ ላይ አሳርፈው። ሦስቱ ረዣዥም ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ፣ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ነጮቹ ላይ። እጅህ ዘና ሲል ይሰማሃል። ከዚያ ወደ ሲ ብትመለስ ማንም አይከለክልህም።

ኪቦርዴ ላይ ያለውን የትራንስፖዝ (ኪይ መቀየሪያ) ቁልፍ መጠቀም ማጭበርበር ነው?

በፍጹም። ብቻ ስትጨርሺ ወደ ዜሮ መልሺው።

ዲ ማይነር ከኪዮች ሁሉ የበለጠ ያሳዝናል ይባላል፤ እውነት ነው?

ዛሬ ፒያኖ ሲቃኝ ኦክታቩ እኩል ለ12 ነው የሚከፈለው። እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ከበፊቱ ወደ 6 ከመቶ ከፍ ያለ ንዝረት አለው፤ በየትኛውም ኪይ። ስለዚህ ዲ ማይነርና ኢ ማይነር በድምፆቻቸው መካከል ባለው ርቀት አይለያዩም። ጥንት አቃኛኙ እኩል ባልነበረበት ጊዜ ግን ኪዮቹ በእርግጥም ይለያዩ ነበር። የሩሲያ ሙዚቃ ደራሲዎቹ ስክሪያቢንና ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ኪዮችን በቀለም ያዩ ነበር። ለሲ ሜጀር አንዱ ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሰጡት። ዲ ሜጀር ቢጫ ነው በሚለው ግን ተስማምተዋል።

የሚሰሙት ልዩነት ግን ውሸት አይደለም። ኪይ ሲቀየር ኮርዱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። መሐል ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ኮርድ አራት አምስት ግማሽ ድምፅ ሲወርድ ይደፈርሳል። ሐዘኑ ያለው እዚያ ይሆናል።

ባንድ አለን። ጊታሪስቱ ኢ ሜጀር ካልሆነ ይላል፤ ሳክስፎኒስቱ ይቆጣል።

ሳክስፎኒስቱ እውነቱን ነው። የአልቶ ሳክስፎን ኖታ ከሚሰማው ድምፅ ስለሚለይ፣ እናንተ ኢ ሜጀር ስትጫወቱ አልቶ ሳክስፎን የያዘ ሰው ፊቱ ያለው ሲ ሻርፕ ሜጀር ነው፤ ሰባት ሻርፕ! ግማሽ ድምፅ ዝቅ በሉና ኢ ፍላት አድርጉት። እሱ በሲ ሜጀር ይጫወታል። ጊታሪስቱ አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ይሰርና የዲ ኮርዶቹን ይያዝ። ለፒያኖም ኢ ፍላት ምቹ ነው።

አንድ አንባቢ ዜማዎቻቸውን በጂ ሜጀር መሥራት ይወዳሉ። ዘፋኟ አዝማቹ ይከብደኛል ትላለች፤ ከልምምድ በኋላም ድምፅዋ ይሻክራል። እሳቸው ግን «ልምምድ ነው የሚጎድላት» ብለዋል።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ዜማ ሲሠራ ኪዩ የእርስዎ ነው። ሲዘፈን ግን የእሷ ነው። ጣትዎ ሌላ መንገድ ይለምዳል፤ ጉሮሮ ግን መለወጫ የለውም። የዜማው ከፍተኛ ድምፅ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። እሷ በደከመችበት ሰዓት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስትደግመው ያዳምጧት። አንገቷ ከተወጠረ ወደ ኤፍ ይውረዱ፤ ካልበቃም ወደ ኢ ፍላት። ቃላቱ ሳይታነቁ እስኪወጡ ይቀጥሉ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ልመና ነው። መሻከሩ ሦስት ሳምንት ካለፈው አንገት በላይ ሐኪም ይያት። ማርና ዝንጅብል ይበቃል አትበሉ። ካመማት ወይም ድምፅዋ ድንገት ከጠፋ ሦስት ሳምንትም አይጠበቅም። እስክትታይ ድረስ ያንን አዝማች አታዘፍኗት።

ቤት ያለው አሮጌ ፒያኖ ግማሽ ድምፅ ወርዷል። ሲ ስመታ ቢ ይሰማል። ራሴ ልጠብቀው?

አይሞክሩት፣ አሮጌ ክር ይበጠሳል። ቃኚ ይጥሩ።