ፍንጭ ሲሰጣቸው ትዝ ይላቸዋል?

ስለ መርሳት የጻፋችሁልኝ ጥያቄ ተጠራቅሟል። ዛሬ የቻልኩትን ልመልስ።

አንድ የ58 ዓመት አንባቢ የሰው ስም አፋቸው ላይ ደርሶ እንደሚጠፋባቸው፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ሳይፈልጉት ብቅ እንደሚል ጽፈዋል። «የመርሳት በሽታ ጀመረኝ ማለት ነው?» ይላሉ።

አይመስለኝም። ስሙ ዘግይቶም ቢሆን ከመጣ፣ ወይም ሌላ ሰው ሲጠራው «እሱን ነው ያልኩት!» የሚሉ ከሆነ አልጠፋም። ፍለጋው ነው የተጓተተው። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው። እየባሰ ከሄደ ሐኪም ያማክሩ።

የማስታወስ ችሎታ የሚጨምር ክኒን አለ ወይ?

ለጤነኛ ሰው እንደሚሠራ የተረጋገጠ የለም። ገንዘብዎን ይያዙ።

አንዲት አንባቢ ስለ 74 ዓመት እናቷ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልካለች። ድሮ ነገር ሲጠፋባቸው ትንሽ ፍንጭ ከሰጠቻቸው «አዎ፣ አዎ!» ይሉ ነበር። አሁን ግን ባለፈው እሑድ እህታቸው መጥተው አብረው እንደዋሉ ብትነግራቸው፣ የተነሡትን ፎቶ ብታሳያቸውም «አልመጣችም» ይላሉ። ወንድሞቿ «እርጅና ነው፣ ተያት» ብለዋታል።

እህቴ፣ ወንድሞችሽ እንዳያዘናጉሽ። ያስተዋልሽው ለውጥ ትልቅ ነው። ማስታወስ ሲባል አንዱ ያለ ምንም እርዳታ ከአእምሮ ጎትቶ ማውጣት ነው። ሌላው ሲያዩት ወይም ሲሰሙት ለይቶ ማወቅ ነው። እርጅና ይበልጥ የሚጎዳው የመጀመሪያውን ነው። ለይቶ ማወቅ አቅሙ ሰፊ ነው። ሊዮኔል ስታንዲንግ የተባለ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ለሰዎች 10,000 ሥዕሎች አሳየ። ከዚያ ያዩትን ካላዩት ጋር አጣምሮ ሲያቀርብላቸው፣ ከ100 ውስጥ 83 ያህሉን በትክክል ለዩ።

ጤነኛ አዛውንት «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ የት እንደሆነ ግን ጠፋኝ» ሊሉ ይችላሉ። የትና መቼ የሚለው ይደበዝዛል እንጂ የማወቁ ስሜት በአብዛኛው ይቆያል። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው ሂፖካምፐስንና አጠገቡ ያሉትን የአንጎል ክፍሎች ነው። አዲስ ገጠመኝ እንዲቀረጽ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሳይቀረጽ የቀረን ነገር ደግሞ ፍንጭም ፎቶም አይመልሰውም። ሞካ በሚባለው አጭር ምርመራ ሐኪሙ 5 ቃላት ያስይዝና ቆይቶ ይጠይቃል። የጠፋውን ቃል በፍንጭ፣ ከዚያም በምርጫ ሊሞክር ይችላል። በፍንጭ ለተገኘ ቃል ነጥብ የለም፤ የችግሩን ዓይነት ግን ይጠቁመዋል።

ይህ ሁሉ እናትሽ አልዛይመር አለባቸው ማለት አይደለም። ደብዳቤ አንብቦ ማንም ይህን ሊወስን አይችልም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ አንዳንድ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶችም እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ መላ አላቸው። ጆሯቸውም ይታይ፤ በደንብ ያልሰሙትን ሊያስታውሱ አይችሉም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ፤ የነርቭ ሐኪም ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ። ፍንጭ የሠራበትንና ያልሠራበትን ጊዜ ከነቀኑ ጽፈሽ ሂጂ። እባክሽ፣ አታቆዪው።

አንድ ወጣት አያቱን በየቀኑ «እኔ ማነኝ?» እያለ እንደሚፈትናቸው ጽፎልኛል። አእምሯቸው እንዲነቃ ብሎ ነው።

ተው፣ ወንድሜ። ያ ጥያቄ አያነቃቸውም፤ ያሸማቅቃቸዋል። ገና ስትገባ ስምህን ተናገር፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ንገራቸው፣ ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ በል።

«አባቴ የመርሳት በሽታ አለባቸው ተብሏል፤ ግን የማያውቁትን ሰው ሁሉ እንደሚያውቁት ሰላም ይላሉ» የሚል ደብዳቤም አለ።

ይህም ከበሽታው ጋር ይሄዳል። አልዛይመር ያለበት ሰው አዲስ ነገር አይቶ «አውቀዋለሁ» ወደ ማለት ያዘነብላል። የሚያስፈራኝ ሰላምታው አይደለም። «ረሱኝ እንዴ?» ብሎ የሚጠጋ አጭበርባሪ ነው። የባንክ ደብተራቸውንና ፊርማቸውን የሚከታተል አንድ የታመነ ሰው ከቤተሰብ ይመደብ።

በመጨረሻም «አባቴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የራሳቸውን ቤት አላወቁም፤ ከዚያ በፊት ደህና ነበሩ» ላሉት።

ይህ ለአምድ የሚጻፍ አይደለም። በአንድና በሁለት ቀን የሚመጣ መደናገር ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ችግር ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይሂዱ።