ደረቅ የኮሶ አበባ ትክክለኛነቱ በምን ይለያል?

እህቴ፣ «ከገበያ የገዛሁት ደረቅ ኮሶ ግማሹ ቀላ ያለ፣ ግማሹ ነጣ ያለ ነው፤ ትክክለኛው መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከአነጋገርሽ ሴቴና ወንዴ የተቀላቀለበት ይመስላል። ኮሶ ዛፉ ራሱ ሴቴና ወንዴ ለየብቻ ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው አበባ ነው፤ ዘለላው ጥቅጥቅ ያለና ወደ ቀይ የሚያደላ። የወንዴው ላላ ያለ፣ ላባ መሰል፣ ከብርቱካንማ እስከ ነጣ ያለ ነው።

ቀለም ብቻውን ግን ያሳስታል፤ ሲቆይ ቀዩም ወደ ቡናማ ይለወጣልና። ስለዚህ ከከረጢቱ ላይ፣ መካከልና ታች ጥቂት ጥቂት አንሺ፤ ነጋዴ ጥሩውን ከላይ ማድረጉ የታወቀ ነው። ቁንጥሩን ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው፤ የተጨማደደው አበባ ይፈታል። ነጭ ሳህን ላይ ዘርግተሽ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እዪው። ሴቴው በዙሪያው ሰፋ ያሉ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ፣ የደም ሥር መሰል መስመር በግልጽ የሚታይባቸው ክንፎች አሉት። ወንዴው መካከል ላይ ግን ብናኝ የሚይዙ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ታገኛለሽ። እነዚህን ካየሽ ክርክር የለውም፣ ወንዴ ነው። ወፍራም አገዳና ቅጠል የበዛበትን፣ የሻገተ ሽታ ያለውንም አትቀበዪ።

የተፈጨ ኮሶ በጭራሽ አትግዢ። ከዱቄቱ ውስጥ ሴቴውን፣ ወንዴውን፣ ባዕዱን ቅጠል በዓይን መለየት አይቻልም።

ዛፉን ማግኘት ከቻልሽ ማረጋገጡ ይቀላል። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጫፍ ተሰብስቦ ይበቅላል፤ አንዱ ቅጠል በብዙ ጥንድ ትናንሽ ቅጠሎች የተሠራ ሲሆን እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ዋናው ምልክት በትልልቆቹ ጥንዶች መሃል በጣም ትናንሽ ቅጠሎች ጣልቃ መግባታቸው ነው። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ እየተላጠ ይወርዳል።

አንድ ነገር ልብ በይልኝ፦ አበባው ትክክለኛ መሆኑ መጠኑን አይነግርሽም። በአበባው ውስጥ ያለው የመድኃኒት ንጥረ ነገር ብርታት ከዛፍ ዛፍ፣ ከአዲስ አሮጌ ይለያያል፤ ሲበዛ ደግሞ ክፉኛ ያስታውካል፣ ዓይንንም ይጎዳል። ለነፍሰ ጡርማ ጨርሶ አይሰጥም። የፈለግሽው ለኮሶ ትል ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ፤ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባሉት የትል መድኃኒቶች መጠናቸው የታወቀ ነው።

ለጥናት ወይም ለሥራ ከሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ቦታ) ትክክለኛው ቦታ ነው። ወደዚያ የምትወስጂው ናሙና ቅጠልና አበባ አብሮ የያዘ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቅርንጫፍ ይሁን። በጋዜጣ መካከል ዘርግተሽ ከባድ ነገር ጫኚበት፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጪ፣ አለዚያ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። የተለቀመበትን ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀንና ዛፉ በአካባቢው የሚጠራበትን ስም፣ እንዲሁም ሲደርቅ የሚጠፋውን የአበባውን ቀለም እዚያው ዛፉ ሥር ሆነሽ ጻፊ።