ፊደል ሳይሆን ድምፅ ቁጠሪ

«ሦስተኛ ዓመት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ የሥነ ግጥም ትንተናው ከበደኝ፣ ስንኝ መቁጠር እንኳ አልሆንልኝ አለ፣ ኮርሱን ልተወው ወይ?» ላልሽው እህቴ፣ አብሽሪ። እኔም ደሴ ስማር በዚሁ ኮርስ የመጀመሪያ ፈተና ከ20 7 ነው ያመጣሁት። ዛሬ አስተምረዋለሁ።

ጉዴ ምን መሰለሽ? ፊደል ነበር የምቆጥረው። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት በየሐረጉ (በየግማሽ ስንኙ) 6 ቀለም፣ ሰንጎ መገን የሚባለው ደግሞ 5 ቀለም ሲባል ቀለም ማለት ፊደል መሰለኝ፤ ለካ ሲነገር አንድ ላይ የሚወጣ ድምፅ ነው። ኮምቦልቻ ስትጻፍ 5 ፊደል ናት፤ ስትነገር ግን ኮም-ቦል-ቻ፣ 3 ብቻ። ሐይቅማ ከነሦስት ፊደሏ አንድ ቀለም ናት። ይኸው እኔው የሞነጫጨርኩት የወል ቤት፦

ደሴ ላይ ቁጭ ብዬ ኮምቦልቻን አየሁት፣
ሐረጎን ቁልቁሉን በዓይኔ ወረድኩት።

(ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ የት ይታያል የምትሉ፣ ግጥም ነው፣ ተዉኝ።) የመጀመሪያው ስንኝ 18 ፊደል አለው። ጮክ ብለሽ ስታነቢው ግን ደ-ሴ-ላይ-ቁጭ-ብ-ዬ፣ 6፤ ኮም-ቦል-ቻን-አ-የ-ሁት፣ 6። ልብ በይ፣ «ቁጭ» ላይ ጭ ተውጣ ቀርታለች፤ «ብዬ» ላይ ግን ብ ራሷን ችላ ተቆጥራለች። ሁለቱም ሳድስ ናቸው። ሕጉን ብትሸመድጂው ፈተና ላይ ይጠፋብሻል፤ የሚለየው ጆሮ ነው።

እኔን ጆሮ ያስያዙኝ አያቴ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፣ መንዙማ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢወርድ አይጠግቡም። ክረምት ላይ ወረኢሉ ገብቼ ጣቴን እያጠፍኩ ስቆጥር አይተው ሳቁብኝ። «ምን ጣትህን ታሰቃያለህ? በል እንዳለ ልቀቀው» አሉና ማጨብጨብ ጀመሩ። ያችኑ ስንኝ «ኮምቦልቻን በደንብ አየሁት» ብዬ አበላሽቼ ሳነብላቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ኧረ ይቺስ አነከሰች!» አሉ። ስቆጥራት 6 የነበረችው ሐረግ 8 ሆናለች። እኔ በእርሳስና በወረቀት ግማሽ ሰዓት የሚፈጀኝን እሳቸው በአንድ ጭብጨባ ያዙት።

ሰምና ወርቁን ደግሞ የዶርም ጓደኛዬ ነው የገለጠልኝ፣ ከዋድላ ቅኔ ቤት የመጣ ልጅ። ዋድላ እዚሁ ወሎ ሆኖ ከጎጃሙ ዋሸራ ጋር አብሮ የሚጠራ የቅኔ አገር መሆኑን እንኳ ከእሱ ነው የሰማሁት፤ አፍሬያለሁ። እኛ በአንድ ማታ አሥር ግጥም ስናገላብጥ እሱ አንዷን ስንኝ ይዞ ከግንቡ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። ቅኔ ሲቆጥር (ቅኔ ሲያዘጋጅ ማለት ነው) የለመደው ነው። ሲመለስ ሁለት መንገድ የሚሄደውን ቃል አንቆ ይዞት ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማንበቡን ትቼ ደጋግሞ ማንበቡን ያዝኩ።

የትንተናው ጽሑፍ ላይ ብዙም የምልሽ የለኝ። መምህሬ ወረቀቴ ላይ «ታሪኩን አውቀዋለሁ፣ አንተ ምን አየህ?» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ፤ ግጥሙን በስድ ንባብ ደግሜ ተርኬለት ነበር ለካ። አንድ ቃል ያዢ፣ ለምን እዚያ ቦታ እንደገባ ጻፊ፣ በቃ።

ኮርሱን ግን አትተዪው። ያስቸገረሽን ስንኝ እዚሁ ጻፊልን፣ አብረን እናጨብጭብበት።