ያሸነፉትን የቼዝ ጨዋታ ስለ መመርመር
ውድ ጠያቂ፣ በደረጃ ነጥብ በ200 የሚበልጥዎትን ተጫዋች ካሸነፉ በኋላ ጨዋታውን መመርመር ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። እጅግ ይጠቅማል። የተጫዋቾችን ደረጃ በነጥብ በሚለካው በኢሎ ስሌት መሠረት በዚህ ልዩነት ዝቅተኛው ተጫዋች ከ100 ጨዋታ፣ ድሉ በአንድ፣ አቻው በግማሽ ነጥብ ተቆጥሮ፣ ወደ 24 ነጥብ እንደሚያገኝ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ድልዎ የሚያስደስት ቢሆንም ብቻውን የደረጃ ለውጥ አያሳይም።

ጨዋታ የሚመረምረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ስቶክፊሽን ከመክፈትዎ በፊት፣ ጨዋታው ከአእምሮዎ ሳይጠፋ፣ በወሳኞቹ እርምጃዎች ላይ ምን እንዳሰቡና ምን እንደፈሩ በጽሑፍ ያስፍሩ። ከዚያም ተጋጣሚዎ የተሳሳተው እርስዎ በፈጠሩበት ጫና ነው ወይስ ሰዓት ስላጠረው ብቻ የሚለውን ይለዩ። እኔ በአንድ ወቅት ፈረሴን ሠውቼ አሸነፍሁና ለሳምንታት ስደሰት ከቆየሁ በኋላ ስመረምረው፣ ተጋጣሚዬ ንጉሡን ወደ ጥግ ቢያሸሽ ኖሮ ጥቃቴ ይከሽፍ እንደነበር አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከመሠዋቴ በፊት የንጉሡን መሸሻዎች አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። በጨዋታው መክፈቻ እርምጃዎች ላይ ብዙ አይድከሙ። ከተቻለ ግን ተጋጣሚዎን ራሱን ይጠይቁት፤ የትኛው እርምጃዎ እንዳስጨነቀው የሚነግርዎ እርሱ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም።